የትኛው ሀ?

በአማርኛ ፊደል ላይ የሚቀልድ ሰው ያናድደኝ ነበር። ሦስት ሀ ምን ይሠራል፣ ሁለት ሰ ምን ይሠራል፣ አንዱ አይበቃም ወይ የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። ድሮ ቢሆን ተከራክሬ አፍ አስይዛቸው ነበር። አሁን የምከራከርበት አፍ የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝ ልንገራችሁ።

ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ። ደባርቅ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በሥራው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ዳባት አጠገብ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ ረኀቡን አልቻልሁትምና ሳልጨርስ ወጣሁ። ከዚያ ሕይወት ይዤ የወጣሁት ፊደልን ብቻ ነው። «መሀረ» እና «መሐረ»ን አምታትቼ የጻፍሁ ዕለት መምህሬ ያቀመሱኝን ኩርኩም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሃሌታው ሀ የተጻፈው «አስተማረ» ማለት ነው፤ በሐመሩ ሐ የተጻፈው «ማረ፣ ይቅር አለ» ማለት ነው። በአፋችን ድምፃቸው አንድ ሆኗልና ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ዐይን ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ «የኔታ» የሚሉኝ በዚህ አመሌ ነው፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት።

አመሌ ምን መሰላችሁ? አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ማኅደር የምከፍትለት እኔ ነኝ። የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ከውስጥ አስገባለሁ፤ ከሽፋኑ ላይ ስሙን በትልቁ እጽፋለሁ። ታዲያ ሰዉ ይዞት የሚመጣው አጻጻፍ ያሳዝናል። «ምስራቅ» ተብላ የመጣችውን «ምሥራቅ» ብዬ፣ «አንዱአለም» ተብሎ የመጣውን «አንዱዓለም» ብዬ አቀናለታለሁ። ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፤ ያስተዋለም አልነበረም። የደመወዝ ዝርዝሩም፣ መታወቂያውም፣ የዕድገት ደብዳቤውም የሚገለበጠው ከእኔ ሽፋን ስለሆነ፣ ሰዉ ሁሉ ሳያውቀው በእኔ ፊደል ይጠራ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር። ከዚህ የተሻለ ደስታ ቢሮ ውስጥ ያገኘ ሰው ይፍረድብኝ።

ረህማ የተቀጠረችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አባቷ ሸሀቡ በደባርቅ ገበያ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ወንድሞቿም ከሱቅ አልወጡም፤ ከቤቱ የመንግሥት ሥራ የያዘች እሷ ብቻ ናት። ጎንደር ካለ አንድ የግል ኮሌጅ በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር ተመርቃ መጣች። ማኅደሯን ልከፍት ስል ስሟ ላይ ደርሼ ቆምሁ። ለሙስሊም ስም የትኛው ፊደል እንደሚገባ መምህሬ አላስተማሩኝም። በገበያ ቀን ሸሀቡ ሱቅ ሄጄ ጥቂት አቡጀዲ አስቀደድሁና፣ «የልጅህ ስም ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«በዐረብኛ ምሕረት እንደ ማለት ነው የኔታ» አለኝ፣ ጨርቁን እያጠፈ። «የአላህ ምሕረት።»

ምሕረት የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ሰኞ ጠዋት ገብቼ ሽፋኑ ላይ «ረሕማ» ብዬ ጻፍሁ። ካቀናኋቸው ስሞች ሁሉ እንደዚያ የወደድሁት አልነበረም። ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። በአባቷ ስም ላይ ግን እጄን አላሳረፍሁም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በጀቱ በደመወዝ ብቻ እያለቀ ለመንገድ ጥገናም ለነዳጅም የሚተርፍ ጠፋ ይላል። ውሸት አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጎማ አጥታ ግቢው ውስጥ ከቆመች ዓመት አልፏታል፤ ዶሮዎች ገብተው ይውሉባታል። ስለዚህ ዐሥር የሥራ መደብ ይታጠፍ ተባለ። በእኛ ቤት ቋንቋ ሰው አይባረርም፤ መደብ ነው የሚታጠፈው። እንደ ብርድ ልብስ ይታጠፍና ሰው ተኝቶበት እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ኀላፊያችን አንዱዓለም የዳባት ልጅ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ክፉ ሰው አይደለም። ዐሥር ሰው በጣቱ እየጠቆመ ማውጣት ከበደው። ስለዚህ ቁጥሩን ማንም በማይጣላው መንገድ ይሞላ ጀመር። በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጡ ሦስት ሰዎች ተቆጠሩ፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ቀኔ ግንቦት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው ለቀቁ። የቀሩትን አምስት ለማግኘት የትምህርት ማስረጃ ይጣራ ተባለ፤ በሐሰተኛ ወረቀት የተቀጠረ ሰው ቢወጣ የሚያዝንለት የለምና። መጀመሪያ ከግል ኮሌጅ የተመረቁት፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሌላው ሁሉ እንዲጣራ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እየሩስ የዐሥራ አራት ሰዎችን ስም ከእኔ ሽፋኖች ላይ ለቅማ ጻፈች፤ ደብዳቤዎቹም ወደየኮሌጁ ሄዱ።

ኅዳር ላይ መልሱ መጣ። አራት ሰዎች ያልተማሩትን ተምረናል ብለው ተገኙ፤ እነሱም ብዙ አልተከራከሩም። አምስተኛዋ ረህማ ሆነች።

የእገዳ ደብዳቤውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ እያስፈረሙ ማደል የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ አነበበችው። «ረሕማ ሸሀቡ በሚል ስም የተመዘገበም ሆነ የተመረቀ ተማሪ በኮሌጃችን የለም» ይላል የኮሌጁ መልስ።

«ጋሼ ሀብቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች። «ወላሂ እኔ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬያለሁ። የተመረቅሁበት ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ እኮ!»

እኔ ፊደሉን እያየሁ ነበር። ገና ሳየው ገብቶኛል። ኮሌጁ ስም የሚፈልገው በኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተርም እንደ እኔ ነው፣ በዐይኑ እንጂ በጆሮው አያነብም። «ረሕማ» ብለው ሲጠይቁት «ረህማ»ን አያወጣላቸውም። በእንግሊዝኛ ጠይቀውት ቢሆን ወዲያው ትገኝ ነበር። የተጠየቀው ግን በአማርኛ ነው፤ ያውም በእኔ አማርኛ። ከዐሥራ አራቱ ሰዎች መካከል የእኔ እጅ ያረፈበት ስም የእሷ ብቻ ነበር።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኋት። ፈረመች። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ለምን ዝም አልሁ? ፈሪ ስለሆንሁ ነው። ማኅደር ላይ ያለን መረጃ መለወጥ ከባድ ጥፋት እንደሆነ የሚናገረውን መመሪያ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ጡረታዬ ስድስት ወር ቀርቶታል። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከፍርሀቱ ይልቅ አፌን የያዘው ኀፍረት ነው። ሠላሳ ዓመት ሰዉን ፊደል አታውቁም እያልሁ ስገሥጽ ኖሬ፣ በአንድ ፊደል የሰው ልጅ ከሥራ አስወጣሁ ብዬ ለማን ልናገር?

ረህማ ዲፕሎማዋን ይዛ መጣች። ኦርጅናል የሚመስል ወረቀት የሚሠሩ ሞልተዋል ብለው መለሷት። በዳባት በኮሶዬ አድርጋ ጎንደር ወረደች። ኮሌጁ፣ «የጠየቀን መሥሪያ ቤትሽ ነው፤ ስሕተት አለ ካለ እሱ ይጻፍልን» አላት። ተመልሳ ስትመጣ መሥሪያ ቤቱ፣ «አንድ ጊዜ ጠይቀን መልስ አግኝተናል» አላት። በደረጃው ስትወጣና ስትወርድ በመስኮቴ አያት ነበር። መቀመጫዬን ከመስኮቱ አራቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሸሀቡ ራሱ መዝገብ ቤት ድረስ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«ገበያው ውስጥ የሸሀቡ ልጅ በሐሰት ወረቀት የመንግሥት ደመወዝ ስትበላ ኖረች እየተባለ ነው» አለኝ። «ደመወዙ ይቅር የኔታ። ሱቅ አለኝ፣ ልጄን አላስርባትም። ሐሰተኛ መባሏን ግን ምን ላድርገው? ሚዛን አጉድለን በማናውቅበት ገበያ እንዴት አንገቴን ቀና አድርጌ ልሂድ? እርስዎ ሰነዱን ያውቁታል። እውነት የኔ ልጅ አጭበርብራለች?»

«አላጭበረበረችም» አልሁት።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

ሻይ ልጋብዝህ አልሁት። ይህን ብዬ ስጨርስ በራሴ አፈርሁ። አመስግኖኝ ሄደ።

ሲወጣ ገበያነሽ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገበያነሽ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ከላይ ከጊች ናት፤ መንደሩ ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ተነሥቶ ሰዉ ወደ ደባርቅ ሲወርድ፣ ባሏን እዚያው ቀብራ፣ ገብስ የምታበቅልበትን መሬት ትታ፣ ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች ናት። ማንበብ አትችልም። ስልኳ ላይ መልእክት ሲገባ የምታነብላት ረህማ ነበረች፤ አሁን ስልኩን ለጥበቃው ትሰጣለች፣ እሱም እያሾፈ ያነብላታል።

«የኔታ» አለችኝ፣ «ያች ልጅ እንዲህ ሁና ስትቀር ዝም ብለው ያያሉ? እኔስ ደንቆሮ ነኝ፣ ምን አደርግላታለሁ። እርስዎ ግን ፊደል ያውቃሉ። አንድ ነገር ይጻፉላት እንጅ! ፊደል ማወቅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

ከሰማሁት ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ አንዱዓለም ዘንድ ገባሁ።

ሁሉንም ነገርሁት። እንዲገባው ሁለቱን ፊደሎች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍሁለት። ወረቀቱን አዙሮ አዙሮ አየው።

«ይኼና ይኼ?» አለ። «የኔታ፣ ይኼ እኮ አንድ ነው።»

«ለአንተ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ነው» አልሁት።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ ላይ የመጣውን እዩልኝ» አለ። «ዐሥር ተብዬ ዐሥር ልኬያለሁ። ሪፖርቱ ሄዷል። እሷ ከተመለሰች ዘጠኝ እሆናለሁ፤ አንድ ጨምር ይሉኛል። ማንን ልጨምር?»

«እኔን። ዛሬውኑ ልውጣ።»

ፈገግ አለ፤ ሹፈት አልነበረበትም። «የእርስዎ ደመወዝ እኮ ተቀንሷል የኔታ። ከሦስቱ ጡረተኞች አንዱ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ወጡ ግንቦት ወጡ፣ በሠንጠረዡ ላይ እርስዎ የሉም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀነስም።»

ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እየተነፈስሁ፣ የለሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ለሰው ልሰጥ ቆርጬ ገብቼ ነበር፤ የምሰጠው ነገር እንደሌለኝ ተነገረኝ። እንዲህ ያለ ሐዘን እንዳለ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ በእሷ ፈንታ የሚወጣው ዐሥራ አንደኛው ሰው ማን ነው?» አልሁት።

«አልነግርዎትም። ባያውቁት ይሻላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ረህማ አባት አላት፣ ሱቅ አላት። ያኛው ሰው ምንም የለውም። ዝም ብንል የሚጎዳው ሰው ይቀንሳል፤ እኔ ከዚህ ሌላ ሒሳብ አላውቅም።»

«ሐሰተኛ ተብላለች እኮ።»

«አውቃለሁ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሁለት ቀን ሙሉ አወጣሁ አወረድሁ። ብናገር የሚወድቅ አንድ የማላውቀው ሰው አለ፤ ዝም ብል ወድቃ የምትቀር የማውቃት ልጅ አለች። በመጨረሻ እንዲህ አልሁ፤ የዚያን ሰው ዕጣ የጻፈው የበጀት እጥረት ነው፣ የረህማን የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሰው የራሱን ጽሑፍ ማጥፋት አለበት። ያን ጊዜ ይህ ሐሳብ ንጹሕ መስሎ ታየኝ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በእጄ ጽፌ አስገባሁ፤ ባለፉት ዓመታት ፊደላቸውን የለወጥሁባቸውን የሠላሳ ስምንት ሠራተኞች ስምም አያይዤ።

ኮሚቴው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ምሥራቅ ነበረች። ረህማ ሒጃቧን አገጯ ሥር አጥብቃ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ምን ልናገር እንደመጣሁ አልተነገራትም። እየሩስ ደብተር ይዛ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች።

ቆምሁና፣ «ረህማ የሚለውን ስም ረሕማ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ።

ሁሉም ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል። ለእኔ ግን ያ ሁሉም ነገር ነበር፤ ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ሰብሳቢዋ ግራ ገብቷት እየሩስ የጻፈችውን እንድታነብ ጠየቀቻት። እየሩስ አነበበች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ደብተሩን አየሁ። «ረህማ የሚለውን ስም ረህማ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ሁለቱም በአንድ ፊደል።

አገኘሁ የሚባለው የኮሚቴው አባል ሣቁን መያዝ አልቻለም። «የኔታ፣ ረህማን ረህማ ብለው ከጻፉ ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ሁለተኛው ሀ ሌላ ነው» አልሁ።

«የትኛው ሀ?» አለች እየሩስ፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ።

«ሐመሩ።»

ሐመሩ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ሌሎቹም አላወቁም። ከእጇ እስክሪብቶውን ተቀበልሁና «ህ»ን ሰርዤ «ሕ» ጻፍሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተደብቄ ያደረግሁትን ያን ቀን በሰው ፊት አደረግሁት። ደብተሩን እየተቀባበሉ አዩት፤ ረህማ ጋ ሲደርስ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ያያያዝሁትን ዝርዝር ገለጠች። ሦስተኛው ተራ ላይ የራሷን ስም አገኘች። ሰባተኛው ላይ ኀላፊው አንዱዓለም አለ። ሁለተኛው የማጣራት ዙር ሲመጣ እነሱም በእኔ ፊደል ሊጠየቁ፣ እነሱም «የሉም» ሊባሉ እንደነበር ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ለኮሌጁ እንደገና እንዲጻፍ፣ የሁሉም ሰው ስም በማስረጃው እንዳለ እንዲጻፍ ተወሰነ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከእንግዲህ ማኅደር እንዳልከፍትም ተከለከልሁ። ደብዳቤ ማስፈረሙ ብቻ ቀረልኝ።

ረህማ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ለምን ሳይጠይቁኝ?» አለች።

«የስምሽን ትርጉም ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው» አልኋት። «ላከብርሽ ብዬ ነው።»

«ትርጉሙን አባቴን ጠይቀውታል። አጻጻፉን እኔን አልጠየቁኝም። እኔ እኮ ስሜን መጻፍ አውቃለሁ ጋሼ።» አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ያን ደብዳቤ የሰጠሁሽ ዕለት።»

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። አሁንም ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ከሰላምታ ግን አያልፍም። አልተቀየምኋትም፤ የሚገባኝ እሱ ነው።

የኮሌጁ መልስ በሳምንቱ መጣ። ረህማ ሸሀቡ በእርግጥም ተምራለች፣ በማዕረግም ተመርቃለች። ወደ ወንበሯ የተመለሰች ቀን ገበያነሽ በረንዳው ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የጥበቃው ቁጣ አላቆማትም። ሸሀቡ ለቢሮው ሰው ሁሉ ቴምር ላከ፤ ለእኔም ደረሰኝ። ገበያነሽ ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ መዝገብ ቤት ብቅ አለችና፣ «አላልሁዎትም የኔታ? ፊደል ለዚህ ነው!» አለችኝ። እውነት ለመናገር ያን ቀን ደስ አለኝ። ዐሥራ አንደኛውን ሰው ለአንድ ቀን ረሳሁት።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወጪ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። አገላብጬ ሳይ አንዱ «የጽዳት ሠራተኛ መደብ ከሁለት ወደ አንድ ስለመታጠፉ» ይላል። ሌላዋ የጽዳት ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመን ትቀድማታለች። ስሙን ሳላነበው አውቄዋለሁ። አንዱዓለም ዘንድ ልሄድ ተነሣሁ፤ ምን እንደምለው አጣሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ።

አስጠራኋት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

«ደብዳቤ አለሽ» አልኋት።

«ለእኔ?» ሣቀች። «ለእኔ ደግሞ ማን ይጽፍልኛል?»

በሩን ዘግቼ አስቀመጥኋትና አነበብሁላት። ረጅም አልነበረም። አገልግሎቷን ያመሰግናል፤ ከየካቲት አንድ ቀን ጀምሮ ይላል። «መደብ ይታጠፋል» የሚለው አልገባትም፤ እንድገልጽላት ጠየቀችኝ፣ ገለጽሁላት። ሳልጨርስ ገባት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። በረንዳው ላይ የረህማ ጫማ ሲያልፍ ተሰማን፤ ሁለታችንም ቀና አላልንም።

ልነግራት ይገባ ነበር። ለረህማ የጻፍሁት ነገር በዚህ በኩል ዞሮ አንችን አገኘሽ ልላት ይገባ ነበር። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የኔታ» አለች፣ ወደ ወረቀቱ እያየች፣ «እስኪ ፊደሉን ደኅና አድርገው ይዩልኝ። እንደ ረህማ ተሳስተው ይሆናል።»

መነጽሬን አደረግሁ። ገበያነሽ ሙሌ ይላል። እሷ እንድታይ ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገርሁ አነበብሁት። ገ፣ በ፣ ያ፣ ነ፣ ሽ። ሙ፣ ሌ። ከሰባቱ አንዱም መንታ የለውም። በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም መምህር እጅ፣ ይህ ስም የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ብቻ ነው።

«ልክ ነው» አልኋት። «ስሙ የአንች ነው።»

«አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት» አለችኝ።

ደግሜ አየሁት።